ለዓይን የቆመ ግርዶ

ያን ዕለት ጧት የሮቢ ወንዝ ባይሞላ ኖሮ፣ ሸሪፍ ቀትር ሳይሆን አንዲት ሴት ከአገር አስወጥቶ ምሳውን ይበላ ነበር። ደግነቱ ወንዝ የሰው ችኮላ አያውቅም።

ወሩ ሐምሌ ነው። ከደብረ ሲና በላይ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ቁልቁል ወርዶ፣ ሮቢ ደፍርሶ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይጮኻል። ሸሪፍ ከመሻገሪያው ዳር ብትሩን ተደግፎ ቆሞ ውሃውን ይረግማል። መቆጣት ልማዱ ነው፤ የቀወት ሰው ሁሉ ያውቅለታል። ያን ጧት ግን ከቁጣው ሥር ፍርሃት ነበረ። ማሽላው እየሞተበት ነው። አሟሟቱም እንደ ድርቅ ዘመን ከላይ እስከ ታች ጠውልጎ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ዙሪያ ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ሳለ ልቡ ብቻ ይደርቃል። ማታ ደህና ነው ብለው የተለዩት ጧት ልቡ ገርጥቶ ይገኛል፤ በማግሥቱ ደግሞ አጠገቡ ያለው። ሚስቱ ሐቢባ ጎተራውን ከፍታ ማየት ትታለች። ማሽላው ካልደረሰ በሬዎቹ ለገበያ ይወጣሉ፣ በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ የሰው ደጅ ጠኚ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አይናገሩትም።

ከግራሩ ሥር አንድ ወጣት አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ካኪ ልብስ ለብሷል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ሽማግሌውን ሲያይ ተነሣ።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ። አረፍ ይበሉ፤ ውሃው ቶሎ የሚጎድል አይመስልም።»

«አላህ ይስጥህ ልጄ። መቀመጥስ አልቀመጥም። ከወዴት ነህ?»

«ደምሴ እባላለሁ፤ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። የእርሻ ትምህርት ቤት ጨርሼ ዘንድሮ ወደ ቀወት ተልኬአለሁ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ከገበሬው ጋር ስለ እርሻ ልመካከር።»

ሸሪፍ ከላይ እስከ ታች አየው። ገበሬን እርሻ ሊያስተምር! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አለ በሆዱ። እንግዳ ስለሆነ ግን ዝም አለ፤ የይፋት ሰው እንግዳን መንገድ ላይ አያዋርድም።

ወጣቱ የሸሪፍን እጅ አየ። ሥሩ በጭቃ የተለበጠ፣ ልቡ የደረቀ የማሽላ ተክል በሽርጡ ጫፍ ጠቅልሎ ይዟል።

«ምን ይዘዋል አባቴ?»

«ምስክር።»

«የምን ምስክር?»

«ሸህ አብዱልወሃብ የሚባሉ ትልቅ ሰው ከማዶ አሉ። ሽማግሌዎቹን ይዘው ዛሬ ቤቴ እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ። ውሃው እንዳያስቀራቸው ብዬ ራሴ ልወስዳቸው ወጣሁ። ይህን አሳያቸውና፣ ያች ሴት ከመካከላችን ትውጣልን እላለሁ።»

«የትኛዋ ሴት?»

ሸሪፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወንዙ እንዲያ እያገሣ ማን ሊሰማው ኖሯል! ፍርሃት ግን እንዲህ ነው፣ በገደል መካከልም ያንሾካሹካል።

«መሪያም ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ጎረቤቴ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ዓይኗ ... ያ ረቢ አንተ ጠብቀን ... ዓይኗ ያረፈበት ነገር አይበረክትም። ታዲያ እንዲያው በጥላቻ የምናገር እንዳይመስልህ! አምና ጥቂት ጥቂት ጀመረው። ዱዓ አስደረግሁ። የበሬ ራስ ቅል እንጨት ላይ ሰክቼ መሐል ማሳዬ አቆምሁ፣ ዓይኗ እዚያ ላይ ያርፋል ብዬ። እሱም አልያዘ። ማሽላው ሲታጨድ ጊዜ በሷ ቤትና በማሳዬ መካከል ግርዶ ሠራሁ። አገዳውን ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ በላይ በላዩ ደርቤ፣ በልጥ ጠፍሬ! ከሰው ቁመት ያልፋል፤ መርፌ አያሳልፍም። ዘንድሮስ ምን ሆነ? ከዚያው ከግርዶው ሥር ጀመረው! ከሷው በኩል! ግርዶ ሰንጥቆ የሚያልፍ ዓይን ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ግርዶውን የሠሩት ከማሽላ አገዳ ነው?»

«ከምን ልሥራው ኖሯል? ከሐር?»

ደምሴ ወጣት ነው፣ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መዘርገፍ ያምረዋል። አንድ ነገር ግን ተምሮ ነበር፤ ያውም ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከእናቱ። የፈራ ሰው «ተሳስተሃል» ሲሉት ፍርሃቱን ይበልጥ ያቅፈዋል። ስለዚህ እጁን ብቻ ዘረጋ።

«ምስክርዎን ላየው?»

ተቀበለና የደረቀውን ልብ ሳብ ሲያደርገው ያለ ትግል ተመዝዞ ወጣ። ሥሩ ተቀርጥፏል፣ ይሸታልም። ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ አገዳውን ከታች ወደ ላይ ሰነጠቀው። ውስጡ እንደ ዋሻ ተቦርቡሯል፤ ከዋሻው ጫፍ ገላው የገረጣ፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ትል ተጣጥፎ ተኝቷል።

«የበላው ይኸው አባቴ። እኛ የአገዳ ቆርቁር እንለዋለን።»

ሸሪፍ ትሉን አየና ፈገግ አለ። የሚያሸንፍ ሰው ፈገግታ ነበር።

«ትሉንማ እኔም አይቼዋለሁ! ዓይን ሲያርፍበት ልቡ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ነገር ይተላል። ሥጋ ሲሰነብት ትል የሚያወጣው ከየት አምጥቶ ነው? ከመበስበሱ አይደለም?»

ይህ የሞኝ ክርክር አይደለም። ዓይኑን ገልጦ የኖረ ሰው ክርክር ነው፤ ያየውን አይቷል፣ የጎደለው መጀመሪያውን ማየት ብቻ ነው። ደምሴም አልሳቀበትም።

«ለመሆኑ በዐረፋ ከታረደው የተረፈውን እመቤት እንዴት ያቆዩታል?»

«ሐቢባ? በጨርቅ አጥብቃ ትሸፍነዋለች።»

«ለምን?»

«ዝንብ እንዳያርፍበት ነዋ!»

«ዝንብ ያላረፈበት ሥጋ ይተላል?»

ሸሪፍ ጥቂት አሰበ። «ይሸታል ... ይበላሻል ... መትላት እንኳ አይተላም።»

«እንግዲህ ትሉን የወለደው መበስበሱ አይደለም፣ ዝንቧ ናት። ይህም ትል እናት አለችው።»

«እናት?»

«የእሳት ራት።»

ሸሪፍ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። «ኩራዝ ላይ ስትዞር ክንፏን የምታቃጥለዋ ጅል? እሷ ናት የኔን ማሽላ የጨረሰችው? አይ ልጅነት!»

«የሷው ዘመድ ናት። እሷ እንኳ ማሽላ አትበላም፤ ትወልዳለች እንጂ። ማሽላው ለጋ ሳለ ማታ መጥታ ቅጠሉ አገዳውን ካቀፈበት ሥር እንቁላሏን ትሰገስጋለች። የተፈለፈሉት ትሎች መጀመሪያ ቅጠሉን ይበሳሱታል፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ልቡ ይወርዳሉ። እርስዎ የሚያዩት ልቡ ከደረቀ በኋላ ነው። ሌባው ከገባ ሰንብቷል።»

«እሺ ይሁንልህ» አለ ሸሪፍ፤ አሁን ብትሩን መሬት ላይ ጥሎ ተቀምጧል። «አንድ ነገር ግን ንገረኝ። በበጋ እዚህ አገር መሬቱ እሳት ነው። አንድ አረንጓዴ ማሽላ የለም። ትልህ በጋውን የት ከርሞ ነው በክረምት የሚመጣው?»

ደምሴ ይህን ጥያቄ ፈርቶት ነበር፤ መልሱ እንደሚያቆስል ያውቃል።

«ግርዶዎን ያሳዩኝና እነግርዎታለሁ።»

ሸሪፍ ፊቱ ተለዋወጠ። «የኔን ግርዶ? ደብረ ሲና ማሽላ ይበቅላል እንዴ?»

«አይበቅልም፤ ብርድ ነው። ገብስና ባቄላ ነው የምናበቅለው።»

«ገብስ ሲያይ ያደገ ልጅ የኔን ማሽላ ሊመረምር! ምነው ሸዋ!»

«ስለማላውቀው እኮ ነው ያሳዩኝ የምለው አባቴ።»

ውሃውም አልጎደለም። ሸሪፍ እያጉረመረመ መንገዱን መራ።

ማሳው ሲደርሱ ያ ሳቅ ሁሉ ከሸሪፍ ፊት ጠፋ። ጧት ሲወጣ ደህና የነበሩ ሌሎች ልባቸው አጎንብሷል። «አየህ? አየህ?» አለ፣ ድምፁም ተሰበረ። «እያየኋት ነው የምታልቀው። ልጅ ታሞ እንደማስታመም ነው።»

ግርዶው ከማሳው ዳር ጥቁር ግንብ መስሎ ቆሟል። ደምሴ ተንበርክኮ ከታች በኩል አንድ ወፍራም አገዳ መዘዘ። ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለ። ሰነጠቀው። ውስጡ ደረቅና ጥላ ነው፤ ከመካከሉ ቀጭን ቡናማ ልባስ ባዶውን ተገኘ፣ ባለቤቱ ጥላው የሄደች። ሌላ መዘዘ፤ ልባስ። ሌላ፤ ልባስ። ከዚያ አንዱን ሲሰነጥቅ ያልተከፈተ ልባስ ወጣ። መዳፉ ላይ ሲያደርገው ጅራቱን አወዛወዘ።

ሸሪፍ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «አዑዙ ቢላህ! ምንድን ነው?»

«ትሉ ነው፤ ክንፍ ሊያበቅል የተኛው። ይህ የዘገየ ነው፣ ወንድሞቹ በሚያዝያ ዝናብ ወጥተው ሄደዋል። በጋውን የት ይከርማል አሉኝ። አገዳ ቆሞ ሲቀር ወይም ሲከመር ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይ አይደርስበትም። እዚያ ይተኛል። ዝናብ ሲያረጥበው ይነቃል፣ ክንፍ አብቅሎ ይወጣል፣ ካጠገቡ ያለውን ለጋ ማሽላ ይፈልጋል።»

ሸሪፍ ግርዶውን አየ። ከዚያ ማሳውን አየ። ልቡ ነገሩን ያዘው፤ አፉ ግን እምቢ አለ። ሰው የሠራውን ጥፋት ከማመን የሌላውን ክፋት ማመን ይቀለዋል።

«ታዲያ በሷ በኩል የባሰው ለምንድን ነው?»

«ግርዶው ያለው በየት በኩል ነው አባቴ?»

ደምሴ ከፊት ሸሪፍ ከኋላ ሆነው ማሳውን አቋርጠው ወዲያኛው ዳር ሄዱ። እዚያ ከስንት ተክል መካከል አንዱ ብቻ ነው የደረቀው። ሸሪፍ የመጨረሻ ጦሩን ወረወረ፤

«ዓይን ሲርቅ ይደክማል!»

ደምሴ ተነፈሰ። «እንግዲያው በሷ በኩል ያለውን እንይ።»

ተመልሰው ደምሴ የግርዶውን ልጥ ፈታ፣ አገዳውንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፈለው። ሸሪፍ ግርዶውን ካቆመ ወዲህ ወደዚያ አይቶ አያውቅም፤ የከለለው ለዚያ አይደል? አሁን ጎንበስ ብሎ አየ።

ከመሪያም ጎጆ ጓሮ አንዲት ቁራሽ ማሽላ አለች። አለች ከተባለ። አንድ ጤነኛ ተክል ከመካከሏ ለማግኘት ፈልጎ ማጣት ነው፤ ልቡ ሁሉ ደርቆ ቆሟል። መሪያም ከመካከሉ ተቀምጣ የደረቀውን አንድ አንድ እያለች ትነቅላለች። ኮሽታ ሰምታ ቀና ስትል በቀዳዳው የሸሪፍን ፊት አየች። ወዲያው በሻሿ ዓይኗን ሸፈነች፤ ዓይኗ እንዳያርፍበት ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«የራሷንም በላችው እንዴ አባቴ?» አለ ደምሴ ቀስ ብሎ።

ሸሪፍ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» አለ። «እኔ ነኝ። የሷንም የጨረስሁት እኔ ነኝ።»

ይህን እንዳለ ከበስተ ደጁ «አሰላሙ ዐለይኩም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ውሃው ጎድሎ ኖሯል። ሸህ አብዱልወሃብ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጥተዋል።

ሸሪፍ ደነገጠ። ሴት ላሰድድ ብሎ የጠራቸው ሰዎች ደጁ ላይ ቆመዋል። አሁን ምን ይበል? ዝም ቢል ነገሩ በራሱ ይሄዳል፤ ሐሜቱ ከአምና ጀምሮ የበሰለ ነው፣ አንድ ቃል አይፈልግም። ቢናገር ደግሞ ከእንግዲህ በገበያ ሲያልፍ «ትል ያረባው» ይሉታል። ሐቢባ ምንጣፍ እያነጠፈች ባሏን አየችው። እሷ መሪያምን ትወዳት ነበር፤ ጋን ሲሰበርባት የምትጠግንላት መሪያም ናት። ባሏን ፈርታ ግን አንድም ቀን አልተናገረችም።

«እህ ሸሪፍ፣ ምስክርህን አምጣ» አሉ ሸሁ።

ሸሪፍ ደምሴ የሰነጠቀውን የግርዶ አገዳ ፊታቸው አኖረ። ጅራቱን የሚያወዛውዘውንም ልባስ አሳያቸው። «ማሽላዬን የበላው ይኸው ነው። ቤት ሠርቼ፣ ጥላ አድርጌ ያከረምሁትም እኔው ነኝ። መሪያም የለችበትም። በሐሰት ስሟን አጥፍቻለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ከዚያ ከደምሴ የሰማውን ሁሉ ተናገረ፤ የተሳሳተውን ደምሴ አቃናለት።

ከሽማግሌዎቹ ነጅሙዲን የሚባለው፣ ነገር ሳያኝክ የማይውጥ ሰው፣ ወደ ወጣቱ ዞረ።

«ልጄ፣ መጨረሻው ገብቶኛል። አገዳችሁን አቃጥሉ ልትለን ነው። ከብቱ በበጋ ምን ይብላ? ጎጆው በምን ይከደን? ማገዶውስ? እኛ ቆላ ነን፤ አገዳ ንብረታችን ነው።»

«አቃጥሉ አልልም አባቴ። ደረቅ አገዳ ሳይኖር ቀወት እንዴት ይኖራል? እኔ የምለው፣ አጭዳችሁ ወዲያው አታቁሙት፣ አትከምሩት። እዚያው ማሳው ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ከፀሐይና ከመሬቱ ግለት ጋር አንድ ወር ይሰንብት። የቆላ ፀሐይ ትሉን በገዛ ቤቱ ይቀቅለዋል። ከዚያ ወዲያ ለከብትም፣ ለጣራም፣ ለአጥርም የናንተው ነው። መሬት ላይ የቀረውን ጉቶ ደግሞ እረሱት፣ ይገለበጥ። ለዘንድሮ፣ ልቡ የደረቀውን ከነሥሩ እየነቀላችሁ ዛሬውኑ ለከብት ስጡት፤ ትሉ ወደ ጎረቤቱ ሳይሄድ።»

«እኔ ዘርግቼ ጎረቤቴ ቢያቆመውስ?» አለ ነጅሙዲን።

«ያን ጊዜ ድካምዎ ግማሹ ከንቱ ነው። የእሳት ራት ወሰን አታውቅም። ወይ ሁላችሁም ትዘረጋላችሁ፣ ወይ ማንም አይዘርጋ።»

ነጅሙዲን ጢሙን ዳሰሰ። «ምክር ሲሉህ ይህ ነው» አለ። «ለአንድ ሰው ብቻ የሚበጅ ብትለን ኖሮ አላምንህም ነበር።»

ሸህ አብዱልወሃብ ፈገግ አሉ። «ሰው አስወጡልን ብለህ ጠራኸን፤ ትል አስወጥተን እንሄዳለን። አልሐምዱሊላህ! ነገር ግን ሸሪፍ፣ ለኛ የተናገርኸው ለኛ ነው። ለሷስ?»

ሸሪፍ ተነሣ። ሄዶ ግርዶውን በገዛ እጁ ያፈርስ ጀመር። ልጡን ይበጥሳል፣ አገዳውን ከማሳው ዳር ይዘረጋል። ፈርሶ ሲያልቅ መሪያም ከወዲያ ቆማ ነበር፤ ሻሿ አሁንም ዓይኗ ላይ ነው።

«መሪያም፣ ይቅር በይኝ። ዓይን አይደለም። የእሳት ራት ነች። ከዚህ ከግርዶው ነው የወጣችው።»

መሪያም «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ከየት እንደምትወጣ። የሚያዝያ ዝናብ እንደጣለ፣ ማታ ማታ ከዚህ ግርዶ እየተነሡ ኩራዜን ይወርሩት ነበር። ክንፋቸውን ከሊጤ ላይ ስለቅም አመሽ ነበር። ከዚያም ወደ ማሳዎ ሲሄዱ አያለሁ።»

ሸሪፍ ጮኸ፤ «አይተሽ ነበር? ታዲያ ምነው ያኔ አትነግሪኝም! ግማሹን ባዳንን ነበር እኮ!»

«ምን ብዬ ልንገርዎ ጋሽ ሸሪፍ? ወደ ማሳዎ ሳይ እንዲህ አየሁ ብዬ?» አለች። ድምፅዋ አልጎላም፣ አልተቆጣችም። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ የጸለይሁበት ቀን አለ። እኔ አየሁ የምል ሴት ነኝ?»

ሸሪፍ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹም መሬት መሬቱን አዩ፤ ሐሜቱን ሁሉም አብረው አኝከውታልና። እንግዲህ አስቡት! መንደሩ ሁሉ ሌባውን ሲፈልግ ከረመ፤ ያየችው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷንም ማየትሽ ነው ወንጀልሽ ብሎ አፏን ዘጋው። ድንቁርና ጉዳቱ የማናውቀውን አለማወቃችን ብቻ ቢሆን እዳው ገብስ ነበር። የሚያውቀውን ሰው ማስፈራታችን ነው የሚያከስረን።

ያን ዓመት ተአምር አልሆነም። ነቅለው ነቅለው የተረፈው ከወትሮው ግማሽ ቢሆን ነው፤ በሬዎቹ ግን ለገበያ አልወጡም፣ ሐቢባም ጎተራውን ከፈተች። መሪያም እጇ ባዶ ስለነበረ ሸሪፍ ከራሱ አካፈላት፤ የጨረስሁብሽ ነው ብሎ። ታኅሣሥ ላይ አገዳው ሁሉ ማሳ ለማሳ ተዘረጋ። ያልሳቀ አልነበረም፤ «ማሽላ ሞቶ ለቅሶ ተቀመጣችሁ ወይ?» ያሉ ከአጣዬ ገበያ የሚመለሱ መንገደኞች ነበሩ። ነጅሙዲን ሳይቀር እያጉረመረመ ዘረጋ። ደምሴም በበቅሎ እየዞረ አገዳ ያቆመውን ገበሬ ይለምናል፤ እምቢ ያለውን ሸሪፍ ይቆጣለታል። ቁጣ አንዳንዴ ለበጎ ይውላል።

በተከታዩ ሐምሌ ሸሪፍ ማሳውን ጧትና ማታ ይዞር ነበር። ፍርሃት በአንድ ዓመት አይለቅም። ማሽላው ወዙ ያብረቀርቃል፤ ልቡ የደረቀ እምብዛም አይታይም። ትሉ ሲቀንስ ማሽላው በዛ፣ ማሽላው ሲበዛ የሰው ሆድ ሞላ፣ የሰው ሆድ ሲሞላ ደግሞ ጎረቤት የሚጠረጥር ጠፋ። ምክሩን የተቀበሉ ያገኙት ይህን ነው።

ሸሪፍ ግን የደረቀ አምልጦት እንዳይቀር ሠጋ። ዓይኑ ደክሟል። ግርዶው ከነበረበት ቦታ ቆሞ ተጣራ።

«መሪያም! መሪያም ሆይ! እስቲ ነይ ማሳዬን እይልኝ።»

መሪያም በጭቃ እጇ ወጣች። መጀመሪያ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ሻሿን ወደ ላይ ገፍታ፣ ቀና ብላ፣ ከዳር እስከ ዳር አየችለት፤ ጊዜ ወስዳ፣ ቀስ ብላ።

«ያውና» አለች በጣቷ እያሳየች፣ «ከመሐሉ አንድ አለ።»

ሸሪፍ ገብቶ ነቀለው።